የሰርቪስ ቤትን ግድግዳ በጣውላ ማልበስ፦ መድኃኒት የጠጣ እንጨት አመራረጥና አያያዝ

ለሰርቪስ ቤት፣ ለዕቃ ማስቀመጫ ወይም ለዶሮ ቤት የውጭ ግድግዳ ጣውላ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውንና ውፍረቱን ነው። ከሁለቱም በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን እንጨቱ ከምስጥና ከመበስበስ የሚጠብቀውን መድኃኒት ጠጥቶት እንደሆነ ወይስ ተቀብቶ ብቻ እንደሆነ ነው። በብሩሽ የተቀባ ወይም ለአፍታ ተነክሮ የወጣ ጣውላ መድኃኒቱን የሚይዘው በቆዳው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፀሐይ ስንጥቅ ባበጀችለት ቀን ውኃውም ምስጡም ወደ ውስጥ የሚገቡበት በር ያገኛሉ። በግፊት የታከመ እንጨት በአንጻሩ በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ገብቶ አየሩ ከተመጠጠለት በኋላ መድኃኒቱ በኃይል ስለሚገፋበት ወደ ጥልቀቱ ይሰርጻል።

ልዩነቱን ለማወቅ የጣውላውን ቀለም ማየት አይበቃም። አረንጓዴ መልክ መዳብ ካለበት መድኃኒት ሊመጣ እንደሚችል ሁሉ፣ ተራ ማቅለሚያም ይሰጠዋል። አስተማማኙ መንገድ አንዱን ጣውላ ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በመጋዝ ቆርጦ መሐሉን መመልከት ነው፤ ጫፉን ራሱን ማየት ያሳስታል፣ ምክንያቱም መድኃኒት በእንጨቱ ቃጫ ርዝመት በኩል ከጎኑ ይልቅ በቀላሉ ስለሚሰርጽ ጫፍ ሁልጊዜ የጠገበ ይመስላል። ሻጩ ይህችን አንዲት ጣውላ ለማስቆረጥ ካልፈቀደ፣ የጣውላውን ዋጋ ከፍሎ ማስቆረጡ ግድግዳውን በሙሉ ደግሞ ከመሥራት ይረክሳል።

በባሕር ዛፍ ላይ ይህ ፍተሻ የበለጠ ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚጠጣው የግንዱ የውጪ ነጣ ያለ ክፍል ሲሆን፣ ልቡ እምብዛም አይቀበልም። ድቡልቡል የመብራት ምሰሶ የሚጠጣው ክፍል ዙሪያውን ስለሚከበው መድኃኒቱ እንደ ቅርፊት ይጠብቀዋል፤ ያንኑ ምሰሶ ሰንጥቆ ጣውላ ማውጣት ግን ያልታከመውን ልብ ለዝናብ አጋልጦ መስጠት ነው። ስለዚህ እንጨቱ መታከም ያለበት ተሰንጥቆ፣ ደርቆና ተልጎ ካበቃ በኋላ ነው። የሐበሻ ጥድ ቀይ ልብ ያለ ምንም መድኃኒት ምስጥን የሚቋቋም ድንቅ እንጨት ቢሆንም፣ የተፈጥሮ ደኑ እየተመናመነ ስለሆነ ለዶሮ ቤት ግድግዳ ማዋሉን አልደግፍም። ዝግባ ለቤት ውስጥ ሥራ መልካም ነው፤ በውጭ ግን ቶሎ ይበሰብሳል።

ያልደረቀ ጣውላ መምታት ሌላው ስሕተት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ በግድግዳው ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ በጣውላዎቹም መካከል ክፍተት ይፈጥራል። በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት ጣልቃ እየተደረገ በጥላ ሥር ተደርድሮ፣ ከላዩ ክብደት ተጭኖበት ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ አንዷን ጣውላ ለይቶ በየሳምንቱ መመዘን ይበቃል፤ ክብደቷ መቀነሱን ስታቆም ደርሷል። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ አበስባሽ ሻጋታ ሊያድግበት አይችልም።

ይህን ደረቅነት የሚጠብቀው ደግሞ ከመድኃኒቱ ይልቅ አገጣጠሙ ነው። ጣውላው በቀጥታ በግድግዳው ላይ መለጠፍ የለበትም፤ በቁመት በተመቱ ሞራሌዎች ላይ ሆኖ ከጀርባው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የአየር መተላለፊያ ሊኖረው፣ መተላለፊያውም ከታችና ከላይ ክፍት ሆኖ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሊሸፈን ይገባል። አግድም የሚደረደሩ ጣውላዎች የላይኛው የታችኛውን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር እየደረበ ይመታሉ፤ ሚስማሩ የተደረበውን የታችኛውን ጣውላ ሳይነካ ከዚያ ከፍ ብሎ በየሞራሌው አንድ አንድ ሲሆን እያንዳንዱ ጣውላ ሲያብጥና ሲኮማተር መፈናፈኛ ያገኛል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ተራ ሚስማርን ስለሚበላ በዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ሚስማር ያስፈልጋል። ለደረቅ ባሕር ዛፍ ቀዳዳው አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ይበሳ።

ከሁሉም በታች ያለው ጣውላ ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በራሴ ግቢ ይህን ጠብቄ ሠርቼ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግቢውን በአፈርና በጠጠር ሳስደለድል ደረጃው ከፍ ብሎ የታችኛውን ጣውላ እንደዋጠው ልብ አላልኩም። ክረምቱ ሲያልፍ በጣቴ ብጫነው እንደ ዳቦ ሰመጠ፤ ከጀርባው ምስጥ የሠራው የአፈር መሹለኪያ እስከ ሦስተኛው ጣውላ ወጥቶ ነበር። መሠረቱ ከፍ ብሎ ቢታይ ኖሮ ያ መሹለኪያ ገና ሲጀመር ይታየኝና አፈርሰው ነበር።

በሥራ ላይ የተቆረጠ ጫፍና የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ያልታከመ እንጨት ነውና፣ ከመመታቱ በፊት ለዚሁ የተሠራ የመዳብ መድኃኒት ደጋግሞ ይቀባ። ቦራክስ የተባለው ጨው መሰል መድኃኒት ርካሽና ውጤታማ ቢሆንም በውኃ ስለሚሟሟ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሁሉም ይልቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዘልቆ አይሰርጽም፣ አፈሩን ይመርዛል፣ በኋላም ቀለም አያስይዝም።

ቁርጥራጩን በተመለከተ ቸልታ አይገባም። መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የታከመ እንጨት ሲቃጠል ጭሱም አመዱም መርዝ ስለሚይዝ፣ አንዲትም ፍላጭ ወደ ምጣድ ወይም ወደ ጀበና ሥር መግባት የለባትም። ብናኙ ለዶሮ ጉዝጓዝ አይሁን፤ የሚቆርጠውም ሰው አፍንጫውን ይሸፍን።

ለቀለሙ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ነጭ ቫርኒሽ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ይላጣልና አልመክረውም። ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ባለ ቀለም ዘይት የተሻለ ነው፤ ቀለሙ ፀሐዩን ይመክታል፣ ሲያረጅም ሳይፋቅ ይደገማል። ጣውላው ከመመታቱ በፊት ጀርባውና ጫፎቹ ጭምር ይቀቡ፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ፀሐይ በሚበዛበት ግድግዳ ላይ ጥቂት ውኃ ይረጭ፦ ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ዘይቱ አለ፣ ጣውላው ጠጥቶት ከጠቆረ ግን ደርቆ እንደገና የሚቀባበት ጊዜ ደርሷል።