ሞተሩ እየጠፋ የሚያስቸግር የካርቡሬተር መኪና፦ ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ባለካርቡሬተር መኪና፣ ማለትም ነዳጅና አየር በካርቡሬተር ተደባልቆ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን መኪና፣ የሚነዳ ሰው በየዓመቱ ቢቀንስም፣ ላዳ፣ ቮልስ፣ ፔጆ 504 እና የድሮ ኮሮላ እስከ ዛሬ ወደምሠራበት ጋራዥ ይመጣሉ። አብዛኞቹን የሚያመጣቸው አንድ ችግር ነው፤ ሞተሩ እየጠፋ ያስቸግራል። ባለቤቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ካርቡሬተሩ ነው፤ ይፈታልኝ» ይላል። በብዙዎቹ ላይ ግን ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ ውጭ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ካርቡሬተሩ የተበላሸውም አስቀድሞ በተነካካ ጊዜ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ሞተሩ መቼና እንዴት እንደሚጠፋ ሳያስተውሉ ኮፈኑን መክፈት ነው። ሞተሩ በድንገት፣ ቁልፉን ያጠፉት ያህል ቀጥ ካለ፣ ፍለጋው ከኤሌክትሪኩ በኩል ይጀምራል። እየተንገዳገደ፣ ነዳጅ ሲረግጡለት ጥቂት ነፍስ እየዘራ ቀስ በቀስ ከሞተ ደግሞ ነዳጅ ወይም አየር ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ላይ ብቻ የሚጠፋ ሞተር የሚኒሞው የነዳጅ መንገድ ተደፍኖበታል፣ ወይም አንድ ቦታ ትርፍ አየር ይስባል። ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ የሚደክም ከሆነ የቤንዚን ፓምፑን፣ ፊልትሮውንና የነዳጅ ቱቦውን ይመልከቱ። እነዚህን ነገሮች ማስተዋል አንዳችም ብሎን አያስፈታም፤ ከሥራው ግማሹን ግን ይጨርሳል።

ሁለተኛው ስህተት ያለ ምርመራ የካርቡሬተሩን ብሎኖች ማዞር ነው፤ ስለዚህኛው በትዕግሥት መጻፍ ይከብደኛል። በካርቡሬተሩ ላይ ከውጭ በካቻቪቴ የሚደረስባቸው ብዙውን ጊዜ ሁለት ብሎኖች አሉ። አንደኛው የአየር መዝጊያውን ክንፍ በጥቂቱ ከፍቶ የሚይዝ የሚኒሞ ብሎን ሲሆን፣ ሁለተኛው በሚኒሞ ጊዜ የሚገባውን የነዳጅና የአየር ድብልቅ የሚመጥን ነው። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ባለቤቱ፣ ከዚያ የሠፈሩ ልጅ፣ ከዚያ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ደግ ሹፌር እየተቀባበሉ ያዞሯቸዋል፤ ሲሄዱ ግን ብሎኖቹ ስንት ዙር ላይ እንደነበሩ የሚያስታውስ አንድም ሰው አይኖርም። ሚኒሞው እንዲያው በጉልበት በደቂቃ ወደ 1,500 የሞተር ዙር ይነሳና ሞተሩ መጥፋቱን ይተዋል፤ ሰውየውም «ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። አልተስተካከለም፤ በሽታው ተሸፈነ እንጂ። ቤንዚን ይበላል፣ ማርሽ ሲገባ ይደነግጣል፣ እግርን ከነዳጁ ላይ ሲያነሱም መኪናው እየገፋ ይሄዳል።

አንድ ፔጆ 504 በዚህ ሁኔታ ደርሶኛል። ሦስት ሰው ነካክቶታል፤ የድብልቁ ብሎን እስከ መጨረሻው ተጠብቆ ሾጣጣ ጫፉ ተጎድቷል። ባለቤቱን መቼ እንደሚጠፋ ስጠይቃቸው «አደባባይ ላይ ደርሼ ፍሬን ስይዝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። መልሱ ያለው እዚያው አነጋገራቸው ውስጥ ነበር። ከማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ቧንቧ) ወደ ፍሬኑ ሰርቮ (ፍሬኑን ወደሚያግዘው ዕቃ) የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ማሰሪያው ሥር፣ ከላይ በማይታይበት በኩል ተሰንጥቋል፤ ፍሬን ለመያዝ እግር ከነዳጁ ላይ ተነሥቶ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ በወረደ ቁጥር፣ በስንጥቁ የሚገባው ትርፍ አየር ድብልቁን ያቀጥነዋል። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን በፒንሳ ቀስ ብዬ ቆንጠጥ ሳደርገው ዙሩ ወዲያው ረጋ። ቱቦውን መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ያዘበራረቁትን ካርቡሬተር ወደ ቦታው መመለስ ግን ግማሽ ቀን ወሰደ።

ብሎኑን መንካት ግድ ከሆነብዎ መጀመሪያ በቀስታ እስኪዘጋ ድረስ ዙሩን እየቆጠሩ ያጥብቁት፣ ቁጥሩን ይጻፉት፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመልሱት። ማስተካከያው የሚሠራው ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚቀንሰው ክንፍ) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶና የአየር ፊልትሮው በቦታው ሆኖ ነው። ከአዲስ አበባ ተስተካክሎ የመጣ መኪና እዚህ ሚኒሞው ቢያስቸግር አይደነቁ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ዳር ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በዚያ ስስ አየር ልክ የነበረው ድብልቅ የጣና ዳር አየር ጠበቅ ሲል ነዳጁ ያንሰዋል። ይህን በሩብ ዙር ማስተካከል ተገቢ ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ቱቦን በብሎን ለመሸፈን መሞከር ግን ሥራ አይባልም።

ሦስተኛውን ስህተት የፈጸምኩት እኔ ነኝ። በሙያው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አንድ አሮጌ ኮሮላ መጣልኝ፤ ከተማ ውስጥ ምንም አይልም፣ ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ ሲወጣ ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ እያሳለ ይጠፋል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ተመልሶ ይነሣል። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩ፤ ፓምፑንም ለወጥኩ። በሦስተኛው ሙከራ አብረውኝ የነበሩት አንድ አዛውንት ሹፌር፣ መኪናው እንደጠፋ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ እስኪ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈተው» አሉኝ። የሰልባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ ክዳን ላላ ሳደርገው አየር በረጅሙ «ሽሽሽ» እያለ ወደ ውስጥ ሲገባ ሁለታችንም ሰማነው። የመኪናው የራሱ ክዳን ጠፍቶ፣ መተንፈሻ በሌለው በሌላ ክዳን ተተክቶ ኖሯል። ቤንዚኑ እየተቀዳ ሲሄድ በምትኩ አየር የሚገባበት መንገድ ስለሌለ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው መሳብ ከፓምፑ ጉልበት ይበልጥና ነዳጁ ይቆማል። ባለቤቱ በከንቱ የከፈሉኝን የፓምፕ ዋጋ መለስኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጥቂት ሄዶ ይጠፋል» የተባለ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚከፈተው ክዳኑ ነው።

ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ እያፈሰሱ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይደረግም። ቫልቭ ላይ ወይም ካንዴላው እሳት በሚሰጥበት ጊዜ ላይ ችግር ያለበት ሞተር ነበልባሉን ወደ ላይ ይተፋል፤ ያን ጊዜ ጠርሙሱ በሰውየው እጅ ላይ ነው። የአንድ ረዳቴ ቅንድብና የቀኝ እጁ ጀርባ እንዲህ ነው የተቃጠለው፤ እኔ ለዕቃ ግዢ ወጥቼ ነበር፤ ባለጉዳዩም ቸኩሎ ነበር። ልጁ ድኗል። ከዚያ ወዲህ ግን በጋራዡ ውስጥ ክፍት የቤንዚን ዕቃ ይዞ ወደሚነሣ ሞተር የሚጠጋ ሰው ሥራውን እንዲያቆም አደርጋለሁ። ቤንዚንን በቱቦ በአፍ መሳብም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል።

ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ መኖሩን ለማወቅ ማፍሰስ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ፊልትሮውን ያንሡና የነዳጁን ክንድ በእጅዎ እየሳቡ ወደ ጉሮሮው ውስጥ ይመልከቱ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ጭርር ብላ ከታየች፣ ነዳጅ ደርሷልና ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂዱ። ካልታየች ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከካርቡሬተሩ በፊት፣ ከሰልባትዮው እስከ ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ይህ ምርመራ በተለይ የሚጠቅመው በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ነው። ከሐሙሲት በኩል ሲነዱ መጥተው ገበያ አጠገብ ለአሥር ደቂቃ ያቆሙት መኪና አልነሣም ይላል፣ ወይም ተነሥቶ መቶ ሜትር ሄዶ ይጠፋል። ሞተሩ ሲቆም ማቀዝቀዣውም ስለሚቆም ሙቀቱ ወደ ፓምፑና ወደ ቱቦው ይወጣል፤ ቤንዚኑ እዚያው ይተንና ፓምፑ ፈሳሽ በመግፋት ፈንታ እንፋሎት ይጨምቃል። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ቤንዚን እንደ ቆላ አገር ብዙ ሙቀት ሳይፈልግ ይተናል። ሰዎች በዚህ ጊዜ ባትሪው እስኪሞት ቁልፍ ያዞራሉ። ኮፈኑን ይክፈቱ፣ ፓምፑና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ እንደሆነ ይመልከቱና ያርቁት።

ስለ ነዳጁ ራሱ፦ ወረፋ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ላይ እምነት አይጣሉ። በክረምት ዝናብ ላይ የቆየ ጀሪካን ውኃ ይኖረዋል። ጥቂቱን በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድተው ቢያቆዩት ውኃው ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል። ከጀልባ ሞተር የተረፈ ቤንዚን ላዳው ውስጥ የጨመሩ ሰውም ገጥመውኛል። የጀልባው ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለነበረ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ነበር፤ አራቱም ካንዴላዎች በጥቁር እርጥበት ተለውሰው ወጡ።

የካርቡሬተር ጄት፣ ማለትም ነዳጁ ተመጥኖ የሚያልፍበት ባለጠባብ ቀዳዳ ዕቃ፣ በሽቦ ወይም በመርፌ አይጸዳም። የሚኒሞው ጄት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ በሽቦ የተፋቀች ቀዳዳ ሰፍታ ትቀራለች። በንጹሕ ቤንዚን ያጥቡና በአየር ይንፉት።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ነው። ካንዴላ፣ ኮንታክት (የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው)፣ ኮንደንሰር (ከኮንታክቱ ጋር የሚታሰረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ)፣ ኮይል (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) እና ፊልትሮ አንድ ላይ ከተለወጡ፣ መኪናው ቢድን ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ባይድን ደግሞ ከአዲሶቹ አንዱ ብልሹ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር የለም። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ኮንደንሰሮች አዲስ ሆነው ሳለ ሲሞቁ የሚሞቱ አሉባቸው። የኮንታክቱን ክፍተት ወደ 0.4 ሚሊሜትር አስተካክለው፣ አንዱን ዕቃ ብቻ ለውጠው፣ መኪናውን ሞቆ እስከሚጠፋበት ርቀት ድረስ ይንዱት። የወጣውን አሮጌ ኮንደንሰርም አይጣሉት። አንድ የቮልስ ባለቤት ወደ መራዊ ሲሄዱ መንገድ ላይ የቆሙት በሳምንቱ በተገዛው አዲስ ኮንደንሰር ምክንያት ነበር፤ ወደ ቤታቸው ያደረሳቸው በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር ያስቀመጡት አሮጌው ነው።