አልጌ የቃሊቲን መንገድ አይችልም

የአልጌን (ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ፍጡር) ጂኖች ልናጠና ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ አረንጓዴ ውሃ በጠርሙስ ቀድተን ስንመለስ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋጋብን። ሁለት ሰዓት ቆምን። ላቦራቶሪ ስንደርስ ውሃው ያው አረንጓዴ ነበር። ያታለለንም እሱ ነው።

አልጌው አልሞተም። ግን ጨለማና ሙቀት ውስጥ ሲታፈን የትኛውን ጂን እንደሚያሠራ፣ የትኛውን እንደሚያሳርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይለውጣል። ስለዚህ ከአርኤንኤው (እየሠሩ ካሉት ጂኖች ከሚወጣው ቅጂ) ያነበብነው የሐይቁን ኑሮ ሳይሆን የትራፊኩን ነው። መድኃኒቱ ውሃውን እዚያው ዳር ላይ አጣርቶ ማጣሪያውን ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መክተት ነው። የምትፈልጉት ጂኖሙን፣ ማለትም በዲኤንኤ የተጻፈውን ሙሉ የዘር መረጃ፣ ብቻ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ ዲኤንኤ በረዶ ላይ ጥቂት ሰዓት ይታገሣል።

የቀኑ ሰዓትም ነገር አለው። የተመራማሪዎች ወዳጅ የሆነው ባለ አንድ ሕዋስ አረንጓዴ አልጌ፣ ክላሚዶሞናስ፣ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ሲፈራረቅበት አብዛኞቹ ጂኖቹ ከቀኑ ጋር ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንዱን ናሙና ጠዋት በ3፣ ሌላውን ከሰዓት በ9 ቀድቶ «ልዩነቱን ያመጣው ብክለቱ ነው» ማለት ፀሐይን መርሳት ነው።

ደግሞ አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ አልጌ አይደለም። ለምግብነት የሚታወቀው የጪቱ ሐይቅ ስፒሩሊና እንኳ ባክቴሪያ ነው። በማይክሮስኮፕ እዩ፣ አንድ ሕዋስ ለይታችሁ አራቡ። አለዚያ የባክቴሪያ ጂን በአልጌ ስም ይመዘገባል።

የክላሚዶሞናስ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟልና ያገኙትን አልጌ ሁሉ በሱ የሚለኩ አሉ። የሱ ጂኖም 120 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው። ኦስትሪዮኮከስ የምትባለው ግን ያላት 13 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ አልጌ ናቸው!

እኔን ብዙ ያስከፈለኝ አርኤንኤን ለንባብ የሚያዘጋጀው የኪት (የተዘጋጀ የላቦራቶሪ ዕቃ) ምርጫ ነው። አርኤንኤን ጫፉ ላይ ባለው የ«ኤ» ፊደላት ጅራት ይዞ የሚለይ ኪት ለኒውክሊየስ ጂኖች ደህና ነው። ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት የሕዋስ ክፍል፣ የክሎሮፕላስት፣ አርኤንኤ ግን ያ ረጅም ጅራት ስለሌለው ያመልጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ኢንዛይም፣ የሩቢስኮ፣ ትንሹ ክፍል ጂን ኒውክሊየስ ውስጥ፣ የትልቁ ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። በዚህ ኪት አንዱን ብቻ አይታችሁ ስለ ፎቶሲንተሲስ ታወራላችሁ። የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ አካል የሆነውን ራይቦዞማል አርኤንኤ ብቻ የሚያስወግድ ኪት ይሻላል።

አልጌ ያደገበትን አንዱን ብልቃጥ ለሦስት ከፍሎ «ሦስት ድግግሞሽ» ማለትም አለ። ከአንድ ጀበና ሦስት ስኒ ቀድቶ ሦስት ጊዜ ቡና አፈላሁ እንደማለት ነው። ሦስት ብልቃጥ ለየብቻ አሳድጉ።

ፈሳሽ ናይትሮጅኑን በመኪና ስትጭኑ መስኮት ክፈቱ፤ ሲተን ኦክስጅን ያሳጣል። የቃሊቲ አቧራ ቢገባም ይግባ።