ልጃችሁ ኤአይን ሲጠይቅ መልሱ ለምን ይበላሻል? ችግሩና መፍትሄው

ልጆች ቻትጂፒቲን ወይም ጀሚናይን የመሰለ ኤአይ (ጥያቄ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይከፍታሉ፣ አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ የማይረባ መልስ ይመጣል፣ "ይሄ ነገር አይሰራም" ብለው ይተዉታል። ወይም ደግሞ፣ የባሰው ይሄኛው ነው፣ የመጣውን እንዳለ ደብተር ላይ ይገለብጡታል። ኢንተርኔት ላይ "ምርጥ 100 ፕሮምፕት" (ለኤአይ የሚጻፍ ጥያቄ ማለት ነው) የሚሸጥ ሞልቷል። ልጅ ያ ሁሉ አያስፈልገውም። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ልጁ ምን እንደሚፈልግ ሳይወስን መጻፍ ስለሚጀምር ነው። ምልክቱ ግን ይለያያል፣ ስለዚህ በየምልክቱ እንሂድ።

ከዚያ በፊት፦ ቻትጂፒቲ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም፣ 13 ሞልቷቸው 18 ያልደረሱት ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ሌሎቹም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ልጃችሁ ትንሽ ከሆነ ስልኩን እናንተ ያዙ። እሱ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ። ግን ያለውን ብቻ! "ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል" ብላችሁ አታሟሉለት፤ ጎዶሎ ጥያቄ ምን ይዞ እንደሚመጣ በዓይኑ ይየው።

ምልክት፦ "መልሱ በጣም ረጅም ነው፣ ደግሞ አይገባኝም"

በብዛት የምትሰሙት ይሄንን ነው። አምስተኛ ክፍል ያለች ልጅ "ስለ ጣና ሐይቅ ጻፍልኝ" ትላለች። የሚመጣላት የአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ነው፦ ገዳማቱ፣ ደሴቶቹ፣ "አስደናቂ የተፈጥሮ ውበት"፣ ከዚያ ስለ ብዝኃ ሕይወት ሁለት አንቀጽ። ግማሹን አታነበውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑ ማን እንደጠየቀው አያውቅም። ሱቅ ተልኮ የሚያውቅ ልጅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል፦ "ሳሙና ስጠኝ" ሲል ባለሱቁ "የልብስ ነው የገላ?" ይለዋል። ኤአይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም፤ የመሰለውን ሳሙና አስይዞ ይሸኛል።

መፍትሄው፦ ከመጻፏ በፊት ሦስት ነገር በቃሏ ትንገራችሁ። ስንተኛ ክፍል ነኝ? ለምንድን ነው የምፈልገው? ምን ያህል ይበቃኛል? ከዚያ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦

"አምስተኛ ክፍል ነኝ። ነገ ክፍል ውስጥ ስለ ጣና ሐይቅ ለሁለት ደቂቃ እናገራለሁ። ዓባይ ከጣና እንዴት እንደሚወጣና ታንኳ ከምን እንደሚሰራ ብቻ ንገረኝ። አጫጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀም፣ ከስምንት መስመር አይብለጥ።"

ክፍሏንና የመስመሩን ቁጥር መጨመር ማንም ይችላል። ከባዷ "ዓባይና ታንኳ" የምትለዋ ናት፤ እሷን ለመጻፍ ልጅቷ ስለ ጣና ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ማሰብ ነበረባት። ብዙ ልጅ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። "ምንም አላውቅማ፣ ለዛ አይደል የምጠይቀው?" ትላችኋለች። እውነቷን ነው። እንግዲያው በሌላ ጥያቄ ትጀምር፦ "ስለ ጣና ሐይቅ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚያጓጉ አምስት ርዕሶች ዘርዝርልኝ፣ ማብራሪያ አትጨምር።" ከነዚያ አንድ ሁለቱን መርጣ ትመለሳለች። ምርጫውን ግን ለእሷ ተዉላት፤ እናንተ ከመረጣችሁላት ከማሽኑ በምን ተለያችሁ?

ምልክት፦ ሆምወርኩ ተሰርቷል፣ ልጁ ግን ባዶ ነው

ሂሳብ ላይ ይብሳል። ጥያቄውን ፎቶ ያነሳል፣ "ስራልኝ" ይላል፣ ተሰርቶ ይመጣል፣ ይገለብጣል። ፈተና ላይ ስልክ የለም፣ አለቀ። ማሽኑን መውቀስ አይቻልም፤ ስራ ተባለ፣ ሰራ።

3/4 + 1/6 ነው እንበል። ብዙ ልጅ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ 4/10 ይላል። ይህ ልጅ ክፍልፋይ እንዴት እንደሚደመር በፍጹም አልገባውም ወይስ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የዘለለው? ልጁ ሙከራውን ካልጻፈለት ማሽኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ፦

"3/4 + 1/6 ስሰራ 4/10 መጣልኝ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሬ ነው። መልሱን አትንገረኝ። የተሳሳትኩበትን አንድ ቦታ አሳየኝና ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጠይቀኝ።"

አሁን ወሬው "ታቾቹ ካልተመሳሰሉ መደመር ይቻላል?" ወደሚል ይሄዳል። ልጁ ሁለቱንም ታቾች የሚያመሳስለውን 12ን ራሱ ያገኘዋል፣ 9/12 እና 2/12 ይላል፣ 11/12 ላይ ይደርሳል። አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ ጥቂት ከተመላለሱ በኋላ ማሽኑ "መልሱን አትንገረኝ" መባሉን ይረሳና ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ያኔ ልጁ ትዕዛዙን ደግሞ ይጻፍለት።

እኔን ብትጠይቁኝ ቤት ውስጥ አንድ ደንብ ብቻ ማውጣት ቢኖርባችሁ ይሄ ይሁን፦ የራስህን ሙከራ ሳትጽፍ አትጠይቅ። የተሳሳተ ሙከራም ሙከራ ነው፣ እንዲያውም እሱ ይሻላል።

ምልክት፦ ቀኑና ሰዓቱ ተዘበራረቀ

"ነገ 3 ሰዓት ፈተና አለኝ፣ የጥናት ፕሮግራም አውጣልኝ" ይላል ልጁ። ማሽኑ ፈተናውን ከሰዓት በኋላ ያደርገዋል፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ላይ፣ እና ጠዋቱን ሙሉ በጥናት ይሞላዋል። ታሪክ ላይም ያው ነው። የዓድዋ ጦርነት በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጆቹ 1896። ልጁ "መቼ ነበር?" ብቻ ካለ 1896 ይሰጠዋል፣ መጽሐፉ 1888 ይላል፣ መምህሯ ኤክስ ታደርግበታለች።

መፍትሄው አንድ ሐረግ ነው፦ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር"። ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም ይጻፍ፦ "ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት"። መልሱ ሲመጣም ቅነሳውን ራሱ ያረጋግጥ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ማሽኑ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል።

ምልክት፦ አማርኛው ተንጋደደ

ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛ፣ ልጁ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ይሆናል። በላቲን "ተራ" እና "ጠራ" አንድ ናቸው፣ ማሽኑ ይገምታል፣ ግምቱ ይስታል። ስልኩ ላይ ጂቦርድን (የጉግልን የመጻፊያ ኪቦርድ) ጭኑና አማርኛውን ክፈቱለት፤ መጻፍ ካቃተው በድምጽ ይናገር። ሁለተኛ፣ ጠያቂዋ ሴት ሆና ማሽኑ "አንተ" እያለ ይቀጥላል። "ሴት ልጅ ነኝ፣ አንቺ በለኝ" ብትለው ይበቃል። ሦስተኛው የእኛ ጥፋት አይደለም፦ እነዚህ ነገሮች የተማሩት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፣ የአማርኛው ድርሻ ትንሽ ነው። ዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ያሉ ልጆች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጽፈው "ማብራሪያውን በቀላል አማርኛ" ቢሉት የተሻለ ይመጣላቸዋል።

ውጭ አገር ላደጉት ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቨርጂኒያ ያለ ልጅ በእንግሊዝኛ "ለአያቴ የእንኳን አደረሰሽ ደብዳቤ በአማርኛ" ብሎ ያዛል። የሚመጣው ደብዳቤ አንዱ መስመር ላይ አያትየውን "እርስዎ"፣ ሌላው ላይ "አንቺ"፣ አንዳንዴም "አንተ" ይላታል። ልጁ ማንበብ ስለማይችል እንዳለ ይልከዋል። ጥያቄው ውስጥ ሴት መሆኗን፣ ቤተሰቡ አንቺ ይበላት አንቱ፣ በዓሉም እንቁጣጣሽ ይሁን ገና በግልጽ ይግባ። ከመላኩ በፊት እናት ወይም አባት ጮክ ብለው ያንብቡት። ቤት ውስጥ ደህና ሳቅ ይሆናል።

ምልክት፦ የሌለ መጽሐፍ ጠቀሰ

ልጁ "ምንጭ ጨምር" ይላል፣ ማሽኑ የመጽሐፍ ስምና ደራሲ ይደረድራል፣ ቤተ መጻሕፍት ሲፈለግ የለም። ይህ ነገር የሚሰራው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው፤ ካላወቀም የሚመስል ነገር ይጽፋል፣ ድምጹም አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ አቅጣጫውን አዙሩት። ልጁ ጽሑፉን ራሱ ያምጣ፦ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስቶ "ከዚህ ገጽ ላይ ብቻ መልስ፣ እዚህ ከሌለ የለም በል" ይበለው። ገጹ አጠገቡ ስለሆነ ማመሳከርም አይከብደውም።

ፎቶ ካነሳን አይቀር፦ የደብተሩ ሽፋን ላይ ስሙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ አንዳንዴ የአባቱ ስልክ ተጽፏል። ሽፋኑ አይነሳ። ዩኒፎርም የለበሰ ፎቶም አይገባም።

ምልክት፦ "እርግጠኛ ነህ?" ሲሉት ይገለበጣል

ትክክል የመለሰውንም ይቅርታ ጠይቆ ይቀይረዋል። ለመስማማት ያደላል፣ ጠባዩ ነው። ልጆች ይሄን ካወቁ በኋላ መጫወቻ ያደርጉታል፣ ምንም አይደለም፣ ይማሩበታል። ለሥራ ሲሆን ግን "እርግጠኛ ነህ?" ከማለት "ደረጃ በደረጃ አሳየኝ" ማለት ይሻላል። ወይም አዲስ ቻት ከፍቶ፣ የፊቱን መልስ ሳይነግረው፣ ጥያቄውን እንደገና መጻፍ። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ መጽሐፍ ይገለጥ።

አዲስ ቻት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ባዮሎጂ፣ እግር ኳስና እንግሊዝኛ በአንድ ቻት ሲቀላቀል መልሱ እየዘባረቀ ይሄዳል። ለአንድ ትምህርት አንድ ቻት።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ እምቢ ካለስ? ክፍሉን ጽፏል፣ ሙከራውን አስገብቷል፣ ጥያቄው ጠባብ ነው፣ መልሱ አሁንም የማይረባ ነው። ያኔ ልጁን አታድክሙት፣ ችግሩ ማሽኑ ጋ ነው። የጻፈውን ጥያቄ ወረቀት ላይ ይገልብጠውና ነገ ለመምህሩ ይስጥ። ይህን ያህል ተብላልቶ የተጻፈ ጥያቄ ሲቀርብለት የማይመልስ መምህር ብዙ የለም።