ላይተር የሚመስል ካሜራ እቤታችሁ ካገኛችሁ እንዳትለኩሱት፣ እንዳትከፍቱትም

መጀመሪያ ቤንዚን አትጨምሩበት፣ በአውራ ጣታችሁም ጫር ጫር አታድርጉት። ላይተር ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሰራል አይሰራም ብሎ መሞከሩ ነው፣ ግን ይሄኛው ጎኑ ላይ ሌንስ አለው፣ ውስጡ ደግሞ ፊልም ሊኖር ይችላል።

አያቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ። ከኮሪያ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ላይተር ደብረ ብርሃን እቤት ሳጥን ውስጥ ከሜዳሊያቸው ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የኖረው፣ እኛም "ተዉት የአባባ ነው" እየተባልን ነው ያደግነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ያጎቴ ልጅ በረንዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ከፈተው፣ ከዛ ትንሽዬ ጥቅልል ፊልም ብቅ አለች። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው።

ነገርየው ኢኮ 8 ይባላል፣ ጃፓን ውስጥ በፈረንጅ 1951 መሸጥ የጀመረ ነው፣ ቃኘውም ኮሪያ የገባው በዛው አመት ነው፣ ወታደሮቻችን ደግሞ ለእረፍት ጃፓን ይሄዱ ስለነበር በኛ አገር ሳጥኖች ውስጥ ቢገኝ አይገርምም። ክዳኑን ስትከፍቱት ግማሹ የምር ላይተር ነው ግማሹ ካሜራ፣ ሰውየው ሲጋራ የሚለኩስ መስሎ ወደ ታች እያየ ያነሳል። ሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን መክፈቻው 3.5 ነው፣ ፊልሙ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው ቀጭን ነገር።

እና ካገኛችሁት ፊልም አለው ብላችሁ ተነሱ፣ ባይኖረው ምንም አልከሰራችሁም። የሚከፈተው በድቅድቅ ጨለማ ብቻ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ማታ ሶስት ሰአት አካባቢ መስኮት የሌለውን እቃ ቤት መብራት አጥፍቼ፣ በሩ ስር ጋቢ ወትፌ፣ ከዛ እጄንና ካሜራውን በመንዝ ባና ውስጥ አስገባለሁ። ባናው ድርብ ሆኖ ካልታጠፈ አይበቃም፣ ሞክሩት፣ ውስጡ ገብታችሁ 10 ደቂቃ ቁጭ በሉና ዓይናችሁ ለምዶ አንድም ነጥብ ብርሃን ካላየ ጥሩ ነው። ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ አይኑር፣ ድንገት መብራቱ ቦግ ይላል። የሚወጣውን ፊልም በጣታችሁ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ ጠቅልሉና ብርሃን በማያሳልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት፣ ከዛ ጥቁርና ነጭ ፊልም በእጁ የሚያጥብ ሰው እስክታገኙ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ዝም ብላችሁ ላገኛችሁት ፎቶ ቤት እንዳትሰጡ፣ በማሽን የሚያጥብ ቤት 8 ሚሊ ፊልም የሚይዝበት ነገር የለውም።

የኛ ፊልም የውጪው ዙር በፀሐይ ተቃጠለ፣ የውስጡ ግን ተርፎ ሶስት ምስል ወጣ። አንዱ ላይ ካፖርት የለበሰ ወታደር የብረት ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል፣ ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም፣ ግን የኩባያው እንፋሎት ሳይቀር ይታያል፣ የጥፍር ታህል ፊልም ላይ።

ካሜራውን ራሱ ማሰራት ከፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ የላይተሩን ጥጥና ድንጋይ አውጡ፣ የድሮ ጥጥ ቤንዚን ባይሸትም ዝቃጩ አለ፣ እሳትና ፊልም አንድ ቤት አይኖሩም። ፊልም በሌለበት ከኋላ ከፍታችሁ ወደ መስኮት እያያችሁ ሻተሩን፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ተጫኑ፣ ብልጭ ብሎ ብርሃን ካሳየና ከተዘጋ ደህና ነው። ከደረቀ ወይ ግማሽ ላይ ከቆመ ዘይት እንዳታደርጉ!! የሚያጣብቀው ራሱ የድሮው ዘይት ነው፣ በእጅ በሚጨመቅ ትንሽ የጎማ መንፊያ ነፋ ነፋ አድርጉበት፣ ካልሆነ ለሰአት ሰሪ ስጡት፣ ሰአት ሰሪ ለትንሽ ነገር እጁ የለመደ ነው።

ፊልም ገበያ ላይ አትፈልጉ፣ ትቆርጣላችሁ። የተለመደው 35 ሚሊ ፊልም ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ነው፣ መሀሉ ግን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ንጹህ ቦታ ስላለው ሶስት ባለ 8 ሚሊ ቁራጭ ይወጣዋል። ምላጮች በ8 ሚሊ ርቀት እንጨት ላይ አጥብቃችሁ ፊልሙን በመሀላቸው መጎተት ነው፣ እንደገና በጨለማ። መጀመሪያ በተበላሸ ፊልም በብርሃን ተለማመዱ፣ እኔ ካልተለማመድኩ ምላጭ ያለበት ጨለማ ውስጥ እጄን አላስገባም።

ስታነሱ ብርሃኑን አስቡ። ሻተሩ የሚከፈተው ለሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ነው፣ በ3.5 መክፈቻና ማሸጊያው ላይ ISO 100 በሚል ፊልም ጠራራ ፀሐይ ላይ ካነሳችሁ ከሚያስፈልገው 40 እጥፍ ብርሃን ይገባል፣ ኔጌቲቩ፣ ማለት የታጠበው ፊልም፣ ጥቁር ብቻ ይሆናል። ጥላ ውስጥ፣ ከቤት ጀርባ፣ ወይም ጣርማበር ጉም ሲወርድ አንሱ፣ ያኔ ልክ ይመጣል። የምታነሱት ሰው ከእናንተ 3 ሜትር ገደማ ይራቅ። አስፈቅዳችሁ ደግሞ፣ ነገርየው ለድብቅ ቢሰራም የጎረቤት ሰው ሳያውቅ ማንሳት ነውር ነው።

ሌላው ውርጭ ነው። ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ውጪ ይዛችሁት ቆይታችሁ እሳት ያለበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ወዲያው ላብ ይይዛል፣ ያቺ ጠብታ ናት በኋላ ሻጋታ የምትሆነው። ከመግባታችሁ በፊት ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት፣ እስኪሞቅ አትፍቱት።

የታጠበውን ፊልም ነጭ የስልክ ስክሪን ላይ ነጭ ፕላስቲክ ጣል አድርጋችሁ፣ ፊልሙን ከስክሪኑ ሁለት ሶስት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በሌላ ስልክ በቅርብ አንሱት፣ ከዛ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር እንዲሆን ቀለሙን በስልኩ ገልብጡት። ከስክሪኑ ካላራቃችሁት የስክሪኑ ነጥቦች ፊቱ ላይ ይወጣሉ። ፊልሙን አትጣሉ፣ በንጹህ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከላይተሩ ጋር ወደ ሳጥኑ መልሱት።