ዲንጊ የምታረጀው ስታርፍ ነው፦ በአየር በምትነፋ ጀልባ አያያዝ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ባለ ሸራ ጀልባ መልህቁን ጥሎ ከባሕር ላይ ሲቆም፣ ሰዎቹን ከየብስ የምታገናኛቸው ዲንጊ የምትባለው ትንሽ ጀልባ ናት። ዳቦና የመጠጥ ውኃ የምታመጣው፣ የታመመ ሰው ሲኖር ወደ ሐኪም የምታደርሰው እርሷ ናት። ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ በሚርቀው አናፖሊስ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ በየበጋው ብዙ የተጎዱ ዲንጊዎችን አያለሁ። አብዛኞቹን የጎዳቸው ሥራ አይደለም፤ ተነፍተው፣ ታስረውና ተረስተው የቆዩበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጠዋት በቀዝቃዛው አየር ጥርቅም አድርጎ ነፍቶ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ መተው ነው። አብዛኞቹ የዲንጊ ቱቦዎች፣ ማለትም አየር የሚሞላባቸው ጎኖቿ፣ የሚፈልጉት ግፊት 0.25 ባር አካባቢ ነው፤ ባር የግፊት መስፈርት ነው። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳለ በዚህ ልክ የተነፋ ቱቦ፣ በውስጡ ያለው አየር 50 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ወደ 0.38 ባር ይጠጋል። ይህ የግማሽ ያህል ጭማሪ ነው፤ ጫናውን የሚሸከሙት ደግሞ በሙጫ የተያያዙት መጋጠሚያዎች ናቸው። በሞቃት ቀን ጀልባዋ ሥራ ፈትታ ከዋለች ትንሽ አየር ያስተንፍሷት። ማታ ቀዝቅዛ ብትላላ አይደንግጡ፤ ቀዳዳ አላት ማለት አይደለም። በእጅ ዳብሶ መገመት አያስተማምንምና የግፊት መለኪያ ይግዙ። በአየር የሚነፋ ወለል ካላት፣ የወለሉ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከቱቦው በጣም ስለሚበልጥ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳያምታቱ።

ከምን እንደተሠራች አለማወቅ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ስህተት ነው። ዲንጊዎች በአብዛኛው ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ ወይም ሃይፓሎን እየተባለ ከሚጠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ይሠራሉ። ሃይፓሎን ፀሐይን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ፒቪሲ በፀሐይ ብዛት መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቆይቶ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ አይድንም። ስለዚህ በልኳ የተሰፋ የሸራ ልብስ ያልብሷት። ለእኔ ከሁሉም ወጪ የሚቀድመው ይህ ነው።

የጥገናው ሙጫም እንደ ጨርቁ ይለያያል። ለፒቪሲ የፖሊዩሬቴን፣ ለሃይፓሎን የኒዮፕሪን ሙጫ ያስፈልጋል። ጎሚስታ ጎማ የሚለጥፍበትን ሙጫ ብንጠቀም ልጣፉ ለጥቂት ቀናት የያዘ ይመስላል፤ ከዚያ ሰው ተሳፍሮ፣ ከባሕር ዳር ርቀን ሳለን ይላቀቃል። ቀዳዳውን ለማግኘት የሳሙና ውኃ ይቀቡና አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጉ። ቦታውን በእርሳስ ያክብቡ፣ አየሩን ያውጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፈግፍጉ፣ ያጽዱና በደንብ ያድርቁ። ሙጫውን በልጣፉም በጀልባዋም ላይ በስሱ ይቀቡ። በሙጫው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ሳይጠብቁ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ነው፣ መልሰው አይንፏት። ችኮላ ብዙ ጥገና ሲያበላሽ አይቻለሁ።

እንድታብረቀርቅ ብሎ ዘይት ወይም ሲሊኮን መቀባትም ጉዳት አለው፤ ሲሊኮን የነካው ቦታ በኋላ ልጣፍ አይዝም። ቀላል ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ይበቃታል።

ሌላው ስህተት ለሳምንታት ውኃ ላይ መተው ነው። በሞቃት ወራት ባለ ቅርፊት ትናንሽ የባሕር እንስሳት ከሆዷ ጋር ይጣበቃሉ። እነርሱን በቢላ መፋቅ ደግሞ ጨርቁን ይቆርጣል። የጣና ሰዎች ከደንገል የሠሩትን ታንኳ ሥራው ሲያበቃ ከውኃ አውጥተው ያደርቁታል፤ ውኃ እየጠጣ ከከረመ እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃሉ። ለዲንጊም የሚበጃት ይኸው ልማድ ነው። ማታ ማታ በሸራ ማንሻው ገመድ ከፍ አድርገው ከጀልባው ጎን ይስቀሏት።

ሲሰቅሏት ግን የውኃ ማፍሰሻዋን መክፈት አይርሱ። በቼሳፒክ የበጋ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል። 2 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የዝናብ ውኃ ቢጠራቀም 200 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ያህል ክብደት የተሸከመ መስቀያ ተጣሞ አይቻለሁ።

ሞተሯን ነቅለው ሳያወርዱ ከኋላ መጎተት በማዕበል ትገለበጥ ዘንድ መጋበዝ ነው። ትልቁ ጀልባ ወደ ኋላ ሲሄድም የመጎተቻውን ገመድ ያሳጥሩ፤ አለዚያ በትልቁ ጀልባ ሞተር መዘውር ላይ ይጠመጠማል።

የክረምቱ ብርድ ሲመጣና ጀልባዎች ከውኃ ሲወጡ፣ እርጥብ ሆና ከነአሸዋዋ የምትጠቀለል ብዙ ናት። አሸዋው በቱቦውና በወለሉ መካከል ገብቶ ጨርቁን ይፍቃል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅላል። በንጹሕ ውኃ አጥበው በጥላ ያድርቋት። ቦታ ካለ በጥቂቱ ተነፍታ ብትቀመጥ ይሻላል፤ ከታጠፈችም ላላ ተደርጋ፣ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ሳትታጠፍ፣ አይጥ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ትቀመጥ። የቤንዚን ጀሪካኑ ግን አብሯት በተዘጋ ክፍል አይግባ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል፣ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች።

በሚያዝያ ስትወጣ በጥላ ሥር ይንፏትና ግፊቱንና የአየሩን ሙቀት ይጻፉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ ሙቀቱ ተመሳሳይ ሆኖ፣ ቁጥሩ ካልወረደ ወደ ውኃ ይመልሷት።