እማወራዋን «አንቺ» ያለው ወታደርና ሌሎች ስህተቶች

ጀማሪ ጸሐፊዎች የምናብ ዓለም ልቦለድ ረቂቃቸውን ይልኩልኛል። ዘንዶ አለ፣ አስማት አለ፣ ደመና የሚነካ ተራራ አለ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ አንዲት አስፈሪ ሴትም አለች። ጦረኛ ጎሳ ትመራለች። የጎሳው እማወራ ናት። እሷን እወዳታለሁ። የሚሠሩባትን ግን አልወድም።

ከራስ መቁረጥ እንጀምር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ድንጋይ ላይ ቆማ እናገኛታለን። ነፋሱ ፀጉሯን ይበትነዋል። ከዚያ የአንዱን ራስ ትቆርጣለች። አንድ ልጅ በላከልኝ ረቂቅ ላይ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ አሥራ አንድ ራስ ቆጥሬአለሁ። ከአምስተኛው በኋላ ማዛጋት ጀመርኩ። ይልቅ ይህን ሞክሩ። እማወራዋ ድንኳን ትገባለች። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ዝም ይላል። አንዱ ቡናውን ሳይጨርስ ስኒውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። እሷ ገና ምንም አልተናገረችም። ደም የለም፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። (አዎ፣ እኔም «ትገባለች» ብያለሁ። እመጣበታለሁ።)

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር። ሃያ ሺህ ጦር የምታዝ ሴት ናት እንበል። የጎረቤት ነገሥታት ስሟን ሲሰሙ እንቅልፍ ያጣሉ። አንድ ተራ ጋሻ ጃግሬ ሮጦ ይገባና «እማወራ ሆይ፣ ጠላት መጥቷል፤ ምን ትያለሽ?» ይላታል። ምን ትያለሽ?! እኛ ሰፈር የዕቁብ ዳኛዋን እንኳ እንዲህ የሚናገር የለም። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የውጭ ፊልምና መጽሐፍ ያሳደገን ብዙ ነን። እዚያ አንዷ «ዩ» ለንጉሡም ለእረኛውም ትበቃለች። እኛ ግን አንቺ አለን፣ እርስዎ አለን፣ አንቱ አለን። በአንዲት ግሥ ማዕረግ የሚሰጥና የሚነጥቅ ቋንቋ ይዞ፣ ሥልጣኗን ለማሳየት ሦስት ገጽ ስለ ዙፋኗ መግለጽ ምን የሚሉት ድካም ነው?

እስቲ ምን ምን እንደሚቻል እዩ። ልጇ በጓዳ «አንቺ» ይላታል፤ እናቱ ናትና። በጦሩ ፊት «እርስዎ» ይላል። አንድ ቀን ተናዶ በጉባኤው መሃል «አንቺ» ቢላትስ? ሰይፍ አልተመዘዘም፤ አመፁ ግን ተጀምሯል። ሌላም አለ። «ገቡ»፣ «ተቀመጡ»፣ «ፈረዱ» ስንል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። እንግዲያው መሪውን ሁለት ገጽ ሙሉ በአክብሮት ግሥ አቆዩአቸው። አንባቢው በሐሳቡ ጢም ይስልላቸዋል። ከዚያ ፊታቸውን የሸፈኑበትን ሲገልጡ የሰባ ዓመት አሮጊት ሆነው ይገኙ።

ተራኪው «እሷ» ይበል ወይስ «እሳቸው»? ምርጫው የእናንተ ነው። በ«እሷ» አንባቢው ጓዳዋ ድረስ ይገባል። በ«እሳቸው» በር ላይ ይቆማል። ብቻ አንዱን ያዙ። በራሴ ስለደረሰ ነው የምለው። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ እማወራዬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር «ተነሥታ ሄዱ»። ያረመልኝ ወዳጄ ከጎኑ በቀይ «ከማን ጋር?» ብሎ ጻፈበት።

ስንቅ። አሥር ሺህ ሰው አምባ ላይ ሰፍሮ ዓመት ሙሉ ይዋጋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ወፍጮ የለም። በእኛ አገር ዘመቻ ሴቶች እህልና ዕቃ ተሸክመው፣ እየፈጩና እየጋገሩ ከጦሩ ጋር ይሄዱ ነበር። የእማወራዋ ኃይል ያለው እዚያ ነው። ጎተራውን ማን ይከፍታል? ምንጩን ማን ይጠብቃል? በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያኖቹ ምሽግ በጥቃት አልደፈር አለ። እቴጌ ጣይቱ ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። ተያዘ። የውስጦቹ ውሃ ሲጠማቸው ምሽጉን ለቀው ወጡ። ቤት ያስተዳደረ ሰው ጋን ውስጥ ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚያቆይ ያውቃል። የእናንተዋ እማወራም ይህን ትወቅ።

በምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ የምታወራ እማወራ ታሰለቻለች። በዙሪያዋ ያሉትን ወንዶች ሁሉ ቂል ማድረግም እሷን ብልህ አያደርጋትም።

ባሏ ተገደለ፣ መንደሯ ተቃጠለ፣ ስለዚህ ጨካኝ ሆነች። ይህች ታሪክ የሌለችበት ረቂቅ ቢመጣልኝ ቡና እጋብዛለሁ። ወንዱ መሪ ሥልጣን ስላማረው ብቻ ይነግሣል። ሴቷ ግን መጀመሪያ ቁስሏን ማሳየት አለባት። ለምን? በዛሬዋ አንጎላ የነበረችውን የንዶንጎ መንግሥት ንጂንጋን ተመልከቱ። በ1622 እ.ኤ.አ. ሉዋንዳ ላይ ከፖርቱጋሉ ገዥ ጋር ሊደራደሩ ሲገቡ፣ ለእሱ ወንበር፣ ለእሳቸው ምንጣፍ ቀረበ ይባላል። ከአጃቢዎቻቸው አንዷን አንበረከኩና ጀርባዋ ላይ ተቀመጡ። ድርድሩ ቀጠለ። ያን ጊዜ ገና የወንድማቸው መልእክተኛ ነበሩ፤ የነገሡት ኋላ ነው። በሕይወታቸው ቁስል አልጠፋም። ያ ትዕይንት ግን ስለ ቁስል አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ዮዲት ጉዲትን ስሟን ለውጦ መገልበጥም ይብቃን። ስለ እሷ የምናውቀውን አብዛኛውን የነገሩን የፈሯት ሰዎች ናቸው። ወሬው ራሱ ግን ጥሩ ዕቃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ የቶሎኳ ሕዝብ መሪ ስለነበሩት ስለ ማንታቲሲ፣ በሩቅ ያለ ሰው «ግንባሯ ላይ አንድ ዓይን ያላት ግዙፍ ሴት» እያለ ያወራ ነበር። እሳቸው ገና ላልደረሰ ልጃቸው ሞግዚት ሆነው የሚያስተዳድሩ እናት ነበሩ። ሁለቱንም ጻፉ። በሦስት ቀን መንገድ ርቀት ጭራቅ ትሁን፤ በቅርብ ጉልበቷን የሚያማት ሴት።

እማወራ ናት ካላችሁ ደግሞ እናት ናት፣ አማትም ናት። በዚህ ሁሉ ረቂቅ ውስጥ አንዲት ምራት አይቼ አላውቅም! በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወሎ ውስጥ ወይዘሮ ወርቂት እጅ ገቡ። ወርቂት የጦር መሪ ነበሩ። የገዛ ልጃቸው ግን እዚያው መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ምኒልክን መልሶ ልጅን ማስለቀቅ የሚል ሐሳብ ሽው ሳይልባቸው የቀረ አይመስለኝም። ቴዎድሮስ በምኒልክ ማምለጥ ተቆጥተው የወርቂትን ልጅ አስገደሉት። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኟቸው። ይህን ለጀማሪዎች ስነግር አንዱ ሁልጊዜ «ያን ሌሊት እንዴት አደሩ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱን ጻፈው እለዋለሁ።

ስም ላይም አንድ ነገር ልበል። ድራክሳራ፣ ዛርኬላ፣ ሞርጋቲ... ከየት አመጣችኋቸው? አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ ልጆች ናችሁ። «አባ»ውን «እማ» አድርጉትና እዩ። እማ ታጠቅ ስትመጣ እኔ መንገድ እለቃለሁ።

የአሥራ አንዱ ራስ ባለቤት ባለፈው ሰሞን አዲሱን ረቂቅ ላከልኝ። ራሶቹ አንድ ብቻ ቀርተዋል። ወታደሩ «እርስዎ» ይላል። ከጅብ ጥርስ የተሠራውን ዘውድ ግን አላወልቅም ብሎ ሳምንት ሙሉ ተከራከረኝ። በመጨረሻ ተስማማን። ዘውዱ ይቆያል፤ በየማታው የምታጥበው ግን ምራቷ ናት።