መጤ ተምችን በሙቀት ድምር መከታተል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ዙሪያ የበቆሎ ማሳ

ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት በራሳቸው ስለማይቆጣጠሩ፣ ዕድገታቸው በአካባቢያቸው ሙቀት ልክ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች የተባለው የበቆሎ ተባይ ሙቀቱ ከ12.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን ዕድገቱ ይገታል፤ ከእንቁላል ተነሥቶ የእሳት እራት እስኪሆን ደግሞ ከዚህ መነሻ በላይ የሆነ ወደ 390 ዲግሪ ማጠራቀም ይኖርበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከውጤቱም 12.6 መቀነስ፣ የቀረውን በየዕለቱ መደመር ነው። ለምሳሌ ድሬዳዋ ላይ ቀኑ 30፣ ሌሊቱ 20 ቢሆን አማካዩ 25 ስለሚሆን የዕለቱ ድርሻ 12.4 ነው፤ በዚህ አያያዝ ትውልዱ በ31 ቀን ገደማ ይሞላል። ሐረር ላይ 25 እና 13 ቢመዘገብ ግን የዕለቱ ድርሻ 6.4 ብቻ ስለሆነ ሁለት ወር ይፈጃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የ700 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት የተባዩን ዕድሜ እጥፍ ያደርገዋልና፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የርጭት ቀን መቁረጥ ትክክል አይመስለኝም።

በስሌቱ ላይ ሁለት እርማቶች ያስፈልጋሉ። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ ቢጨምርም ዕድገቱ በዚያው ልክ ስለማይፈጥን፣ ይልቁንም ብዙ እጭ ስለሚሞት፣ በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ቀናት ከዚያ በላይ የተመዘገበው ሁሉ እንደ 30 ይቆጠር፤ የሐረር ሌሊት ከ12.6 በታች ሲወርድም ዝቅተኛው 12.6 ተብሎ ይያዝ። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ በማይነካው፣ ነፋስ ግን በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ የከተማው የአየር ትንበያ የማሳውን ሙቀት አይተካም።

ቆጠራው የሚጀመረው በቅጠሉ ላይ በጥቅል የተጣለና ፀጉር መሰል ሽፋን የለበሰ እንቁላል ከታየበት ቀን ነው። ድምሩ 36 ገደማ ሲደርስ፣ ማለትም ከላይ በተጠቀሰው ሙቀት በድሬዳዋ በ3 ቀን፣ በሐረር በ6 ቀን ገደማ፣ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ማሳውን በጥብቅ መፈተሽ የሚገባውም ያኔ ነው፤ ትንንሾቹ እጮች ቅጠሉን ሳይበሱ ላዩን ብቻ ፍቀው ነጣ ያለ ጠባሳ ይተዋሉ። ካደጉ በኋላ መሀል ወዳለው ጥቅል ቅጠል ስለሚገቡና በኩሳቸው ስለሚሸፈኑ መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኛቸውም።

የእሳት እራቱ ሩቅ የሚበር በመሆኑ ሐረር ዙሪያ የሚታየው ሁሉ እዚያው ያደገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ የእንቁላል ጥቅል በታየ ቁጥር ለእርሱ ብቻ የሚሆን ሌላ ድምር ከዜሮ ይጀመር።